ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ

አባቴ አፉን ከፍቶ «አጥፍቻለሁ» ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። እናቴን ያስቀየማት እንደሆነ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ደሴ ሸዋ በር ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል። እናቴ ዕቃውን በመዳፏ ዳበስ ታደርግና «ማሻአላህ» ትላለች። ጠቡ በዚያው ያልቃል።

ስለዚህ እኔ የቤታችንን ዕቃ የማውቀው በጠቡ ነበር። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ አያቴ ከቢስቲማ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ አባቴ ምሳ አልበላም ብሎ ወጥቶ የሄደበት ነው። ኮመዲኖው እኔን ገበያ ይዞኝ ሄዶ፣ ከአንድ ጣውላ ሻጭ ጋር ሲከራከር ረስቶኝ ብቻውን የተመለሰበት ነው። ቁም ሣጥኑ ከመወለዴ በፊት የመጣ ስለሆነ ታሪኩን አላውቅም፤ ግን ባለ ሦስት በር ነውና ጥፋቱ ቀላል እንዳልነበረ እገምት ነበር። ጎረቤቶቻችን «የዘይቱና ቤት እኮ ሁልጊዜ የሙሽራ ቤት ነው» እያሉ ሲቀኑ እኔ በልቤ «ወይ አለማወቅ!» እል ነበር።

የማወራው የ1989 ዓ.ም.ን ነገር ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ያን ዓመት መስከረም ላይ እናቴ ሆዷ ገፍቶ ሆስፒታል ሄደችና ባዶ እጇን ተመለሰች። «ወንድምሽ ጀነት ገባ» አሉኝ። ሴቶች መጥተው አለቀሱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሄዱ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። «ዘይቱና ሶብር አላት፣ ጠንካራ ናት» ብለው አመሰገኗት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሯ የተለወጠው። ሲጠሯት «አቤት» ትላለች፤ ስትጠየቅ «አዎ» ወይም «አይ» ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምርበታለች ወይም ጭራሽ ትረሳዋለች። ፀጉሬን ስትጎነጉን እጇ ግማሽ ላይ ይቆማል፤ እኔም አንድ ጎኔ ተጎንጉኖ፣ አንድ ጎኔ ተበትኖ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ጠዋት የተውኳት ቦታ ከሰዓት ስመለስ እዚያው ተቀምጣ አገኛታለሁ። የጦሳ ተራራ ጉም በበሩ ገብቶ ቤቱን ሲያቀዘቅዘው እንኳ ተነስታ በሩን አትዘጋም ነበር።

እኔ ይህን ኩርፊያ አልኩት። ቤታችን ውስጥ ዝምታ ሌላ ትርጉም አልነበረውማ። አባቴ አንድ ነገር አድርጓታል፤ እንግዲህ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ ነው አልኩና ጠበቅሁ።

ዕቃው አርባ ቀን ፈጅቶ መጣ። አምስት ሰው የተሸከመው የዋንዛ ቡፌ ነው። በሮቹ ላይ የወይን ሐረግ ተፈልፍሎባቸዋል፤ ከላይ የአንድ ሰው ቁመት የሚያክል መስታወት አለው። በበሩ አልገባ ብሎ መቃኑን አስፈትቶ ነው የገባው። ቫርኒሹ ገና ስላልደረቀ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ።

«ያንቺ ነው» አላት አባቴ፤ የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

እናቴ አየችው። እጇን ግን አልዘረጋችም። «አላህ ይስጥህ» አለችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዋ እዚያ ሆነ። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ትክ ብላ ታያለች፤ አንዳንዴ ጭንቅላቷን ትነቀንቅባታለች። እኔ ፈራሁ። ይህን የሚያህል ዕቃ መጥቶ ካልታረቁ፣ አባቴ የሠራው ጥፋት ከዕቃ በላይ ነው ማለት ነው።

አባቴ አንዳችም ጥፋት አልሠራም ነበር። እሱ ግን ሠርቻለሁ ብሎ ያምን ነበር፤ ምጧ የመጣ ዕለት ጣውላ ሊገዛ ባቲ ወርዶ ስለነበር ሆስፒታል ያደረሷት ጎረቤቶች ናቸው። ይህን የሰማሁት ራሴ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። ያን ቡፌ ሲሠራ አርባውን ቀን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነበር የሚገባው። እናቴ ለብቻዋ ተቀምጣ የዋለችበትን ጊዜ ሁሉ እሱ የሚያስደስታትን ዕቃ ሲልግ ነበር ያሳለፈው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የኪዳኑ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ኪዳኑ የአባቴ ጓደኛ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ዕቃ ያመላልሳል። ሰዎች ገቡና መቃኑን እንደገና ፈቱት። ቡፌውን ለካ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ባለ ሆቴል ገዝቶት ኖሯል። ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ምልክት ቀረ። እናቴ የተቀመጠችበት ሆና ያን ምልክት ታያለች።

«ተነሽ ዘይቱና፣ አብረን ነው የምንወርድ» አላት አባቴ።

አልተንቀሳቀሰችም። አባቴ በርከክ አለና ጫማዋን ራሱ አጠለቀላት፤ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። ወንድ ልጅ ለሚስቱ ጫማ ሲያጠልቅ አይቼ አላውቅም። ከቤት ሊያስወጣት ቸኩሎ ነው አልኩ።

«እኔስ አባየ?»

«አንች እትየ ዙበይዳ ጋ ትውያለሽ።»

እትየ ዙበይዳ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ባለፈው ዓመት ተፋታለች። ፍቺዋን እኔና ልጇ ከይሪያ አጥሩ ሥር ተቀምጠን አይተነዋል። ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ዕቃው አንድ በአንድ ፊታቸው እየወጣ ተከፋፈለ፤ አልጋው ለእሷ፣ ሬዲዮኑ ለእሱ፣ ድስቶቹ ለሁለት። በመጨረሻ ከይሪያ ቀረች። ከይሪያን ለሁለት መክፈል ስለማይቻል ቢስቲማ አያቷ ዘንድ ላኳት። የእኔም አያት ያለችው ቢስቲማ ነው። ያን ቅዳሜ ዙበይዳ በሯ ላይ ቆማ አይሱዙው ቡፌያችንን ጭኖ ሲሄድ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ መጀመሪያ ትልቁ ዕቃ ይወጣል» አለች ለራሷ። እኔ ግን ሰማኋት።

ሳይመሽ፣ ለመግሪብ አዛን ከመባሉ በፊት ተመለሱ። እናቴ ጉንጯ በፀሐይ ቀልቷል፤ በእጇ ሸንኮራ ይዛለች።

«ሸንኮራ ትበያለሽ?» አለችኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ራሷ ጀምራ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ተቀበልኳት እንጂ ደስ አላለኝም። ከይሪያም ቢስቲማ ሊልኳት በዋዜማው እናቷ ከረሜላ ገዝታላት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛው ወጣ። ከዚያ ቁም ሣጥኑ፤ ልብሳችን በካርቶን ሆነ። ከዚያ ስድስቱ ወንበሮች፣ ኮመዲኖው፣ በርጩማው። ገሚሱን ኮምቦልቻ አወረዱት፣ ገሚሱን እዚሁ ፒያሳ ያለ ዕቃ ሻጭ ወሰደው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ድምፃችን እየተመለሰ ያስደነግጠኝ ጀመር። ዕቃ ተሸጠም አልተሸጠም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባቴ ሥራ ቤቱን ዘግቶ እናቴን ይዞ ይወርዳል፤ እኔ ዙበይዳ ዘንድ እውላለሁ። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁና። ዙበይዳ የፍቺ ወረቀቷን ያመጣችው ከኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ነው።

ከሁሉ የከፋኝ ግን የእናቴ ሁኔታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሻሿን ማጠብ ጀመረች። ቅዳሜ ጠዋት ኪዳኑ ጥሩምባ ሳይነፋ ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን እንደውም ዓይኗን ተኩላ አየኋት። ከእኛ ልትገላገል እንዲህ ቸኮለች አልኩና ካርቶኖቹ ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ። እናት ልጇን ትታ ለመሄድ የምትኳል አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጠዋት አባቴና ኪዳኑ የመኪናውን በር ተደግፈው ሲያወሩ አጥሩ ሥር ሆኜ ሰማሁ።

«ሰው ቢጠይቅህስ?» ይላል ኪዳኑ።

«እንጨት ልገዛ ነው እላለሁ።»

«እስከ መቼ ነው ይህ?»

«አላውቅም። እስኪያልቅ ድረስ ነዋ።»

«ቤተሰብ እንኳ ይወቅ እንጅ ዘይኑ። ለብቻህ ተሸክመኸው እስከ መቼ?»

«አይሆንም። ስሟ ይነሳል» አለ አባቴ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እስኪያልቅ ድረስ። ዕቃው ሊያልቅ የቀረው አንድ አልጋ ነው። አልጋው ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ያልቃል፣ እኔም ቢስቲማ እላካለሁ። ከዚህ በኋላ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

በእኛ አገር የሰፈሩ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሬሳውን የሚቀብርበት፣ ጠበኛውን የሚያስታርቅበት ማኅበር ቅሬ ይባላል። የእኛ ቅሬ ዳኛ ሐጂ በሺር ነበሩ። ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ መስጊዱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የዘይኑ ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ። እናትና አባቴ ሊፋቱ ነውና ያስታርቁልኝ።»

የሐጂ መቁጠሪያ ጣታቸው ላይ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ዕቃው እያለቀ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሳቸው አልሳቁም፤ ጎንበስ አሉና «ምን ምን ወጣ?» አሉኝ። ዘረዘርኩላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንደሚወስዳት፣ እናቴ እንደማትናገር፣ የቀረን አንድ አልጋ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አልጋው አለ?»

«አለ።»

«አልጋው ካለ ገና ነው» አሉና ራሴን ዳበሱኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። ሒጅ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሐጂ በሺር ናቸው፤ ከኋላቸው ከዘራቸውን የያዙ አባባ በላቸውና ሌላ ስማቸውን የማላስታውሰው የቅሬው ሽማግሌ አሉ። «ለእርቅ ነው የመጣን» አሉ ሐጂ።

አባቴ ግራ ገባው። «ግቡ፣ ኧረ በአላህ ግቡ» አለና ወንበር ሊያቀርብ ዞረ። ወንበር የለም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። አባባ በላቸው «የአናጢ ቤት መጥቼ መሬት ልቀመጥ ነው?» ብለው ሊያስቁ ሞከሩ፤ ማንም አልሳቀላቸውም። ሰሌን ተዘረጋና ተደረደሩ። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋው ላይ ናት።

«ዘይኑ» አሉ ሐጂ፣ «ይህን ቤት ስትሞላው አይተናል። ስትበትነው ግን አላማከርኸንም። ዕቃው የታለ?»

«ሸጥኩት።»

«ቸግሮህ ነው?»

«አልቸገረኝም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስትህን ይዘህ የት ነው የምትሄድ?»

«እንጨት ልገዛ ነው።»

«እንጨት ለመግዛት ሚስት ምን ትሠራለች?»

 በአባቴ መዳፍ ላይ የደረቀ ኮላ ነበር፤ እሱን ይልጥ ጀመር።

«ልጄ፣ ሌላ ሴት አለች?»

የአባቴ ጆሮዎች ቀሉ። ወደ መጋረጃው አየ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት። 

«አለች በሉ» አለ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ፣ እቀበላለሁ። እሷን ብቻ አትጠይቁብኝ።»

ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ አባቴን ከልቤ ጠላሁት። በሕይወቱ ሙሉ «አጥፍቻለሁ» ሲል የሰማሁት ያን አንድ ቀን ነው፤ ያውም ያላጠፋውን። ያን የተረዳሁት ግን ወዲያው አልነበረም።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ወጥታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ሳትጠራ መግባቷ ደንብ አልነበረም፤ አባባ በላቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አፉ ይበሉኝ ሐጂ» አለች። «ሌላ ሴት የለችም። ያመመኝ እኔ ነኝ።»

«ዘይቱና ተይ» አለ አባቴ።

«አልተውም። አምስት ወር ተውኩት፣ ምን ጠቀመኝ?» ወደ ሐጂ ዞረች። «ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ። ተነሽ ይሉኛል፣ ማን ያንሳው? ልጄ ፊቴ ትሄዳለች ትመጣለች፣ የጎረቤት ልጅ ናት የምትመስለኝ። አላዝንም፣ አልደሰትም። ያን ቡፌ ሠርቶ አመጣልኝ። ወላሂ እጁ ደምቶ ነው የሠራው። እኔ ግን መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አላውቃትም ነበር። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ... እሱን ተዉት። በማግሥቱ ብቻዬን ትቶኝ መሄድ ፈራና ቡፌውን ሲያወርድ ይዞኝ ሄደ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ አለቀና ሙቀቱ ፊቴን ነካኝ። ታች አንድ ሰው ጤፍ ያጭዳል። 'ያ ማሳ የማን ነው?' አልኩት። ይህንኑ ነው ያልኩት። ኪዳኑን 'አቁም' አለውና ወርዶ መንገድ ዳር አለቀሰ።»

 ዙበይዳ ለካ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ከዚያ ወዲህ ነው ሌላውንም ዕቃ የሚሸጥ» አለች እናቴ። «ቅዳሜ ደንበኛ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ይዘጋዋል። ሌላ ምን እንደምንሠራ ቢጠይቁኝ ምንም። እንሄዳለን፣ እንቀመጣለን፣ እንበላለን፣ እንመለሳለን።»

ሐጂ በሺር ወደ አባቴ ዞሩ። «ለምን ደበቅኸን?»

«ጅን ይዟታል ይሏታል ብየ ነው ሐጂ። አበደች እንዳይሏት።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱት። «እኔም እል ነበር» አሉ። «አፉ በይኝ ዘይቱና። እኔም እል ነበር።»

አባባ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ ከገባ ሳይፈርድ አይወጣም፤ ጠብ ከሌለ ደግሞ ማን ይክሳል? ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሸኩ። ከዚያ ሐጂ ፍርዱን ተናገሩ። አንደኛ፣ አባባ በላቸው የሚያውቁት ሐኪም ስላለ ሰኞ እሳቸው ራሳቸው ይወስዷታል፤ ዱዓው እንዳለ ሆኖ። ሁለተኛ፣ አልጋው አይሸጥም። ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ልጅቷም ትሄዳለች።

ልጅቷ እኔ ነኝ። በሩ ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ከሁሉም ደግሞ «የጎረቤት ልጅ ናት የምትመስለኝ» ያለችውን። ፍቺ አለመኖሩ ሊያስደስተኝ ሲገባ ያን ቃል በልቤ እደጋግመው ጀመር። የማላውቀው በሽታ ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። እኔ አንድ ነገር አጥፍቼ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ጋቢና ውስጥ እናቴ ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከጉሙ ስንወጣ ከታች ያለው አገር ሁሉ በፀሐይ ተጥለቅልቆ ታየ። ሹራቤን አወለቅሁ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ዓይኔ ፍርድ ቤቱን መፈለጉን አልተወም። ኪዳኑ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ አወረደን። አባቴ ጋቢውን ግራር ሥር አነጠፈና ተቀመጥን። ዘበኛው እናቴን አውቋት ከሩቅ «እንዴት ዋልሽ እህቴ» አላት። እሷም እጇን አነሳች።

አውሮፕላን እየጠበቁ ነበር። ሌላ ምንም የለም። ከማረፉ በፊት ዘበኛው ሜዳው ላይ የገቡትን ፍየሎች እየሮጠ ያባርራል፤ እናቴና አባቴ ደግሞ ስንት ሰው ከአውሮፕላኑ እንደሚወርድ ይወራረዳሉ። የተሸነፈ ሸንኮራ ይገዛል።

«ዘጠኝ» አለ አባቴ።

«ዛሬ ብዙ ነው። አሥራ አራት» አለች እናቴ።

ሰባት ሰው ወረደ። አንዱ በግ የተሸከመ ነበር፤ «እሱም ይቆጠር» አለች እናቴ። አባቴ «በግ ትኬት አይቆርጥም» አላት። ሳቀች። ድምፅ የወጣው ሳቅ አልነበረም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የተነቃነቀው። አባቴ ግን ፊቱን ወዲያ አዞረ።

በዚያ ቀን ዳነች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዳነችም። ሁለት ዓመት ፈጀ። መድኃኒት ነበረው፣ አልነሳም ያለችበት ጠዋት ነበረው፣ የቀረ ቅዳሜም ነበር። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ አልጋና ሰሌን ብቻ ነበሩ። አባቴ ከመሞቱ በፊት በነበረው ረመዳን፣ ለምን ያን ሁሉ ዕቃ እንደሸጠ በደንብ ጠይቄው ነበር። ብሩ እኮ ለመንገድና ለምሳ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። «ለብሩ ብቻ አይደለም» አለኝ። «ያን ሁሉ ዕቃ ስሠራ የዋልኩት ከሷ ርቄ ነው። ባየሁት ቁጥር ያናድደኝ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ለእናቴ አንድም ዕቃ አልሠራላትም። ሲያስቀይማት «ነይ እንሂድ» ይላታል፤ ሐይቅ፣ ገራዶ፣ አንዳንዴም እስከ ሸዋ በር በእግር። እናቴ ደግሞ አሁን ስልሳ ሊሞላት ነው፤ አምና ስለዚያ ጊዜ አንስታ «ረቡዕና ሐሙስን የምውለው ቅዳሜን ብየ ነበር ልጄ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ያን ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ምን እንዳገኘ አልጠየቅኋትም።

ያን የመጀመሪያ ቅዳሜዬን፣ አውሮፕላኑ ተመልሶ ከተነሳ በኋላ አባቴ ሸንኮራ ሊገዛ ሄደ፤ የተሸነፈችው እናቴ ብትሆንም። ሁለታችን ጋቢው ላይ ቀረን። 

«እማየ፣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ሐጂ ነግረውኛል» አለችኝ።

«ልትፋቱ መስሎኝ ነው። ቢስቲማ እንዳትልኩኝ ብዬ ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረችና ፊቴን አየችው። ዝም ብላ ማየት አልነበረም፤ ከግንባሬ ጀምራ ወደ ታች፣ የጠፋባትን ነገር እንደምትፈልግ ሰው አየችኝ። አገጬን ያዘችና አፌን ከፈተችው።

«ፊርደውስ፣ ጥርስሽ መቸ ነው የወለቀ?»

«ቆየ። ያኔ በኅዳር።»

«ማን ነቀለልሽ?»

«ራሴ።»

በአውራ ጣቷ ድዴን ዳሰሰችው። አዲሱ ጫፉን አውጥቶ ነበር። እጇ አገጬ ላይ እንዳለ ዓይኗ ሞላና ከመስከረም ጀምሮ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ታለቅስ ጀመር፤ ድምፅ አውጥታ፣ ጋቢው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች። እኔ ለጥርሱ የምታለቅስ መሰለኝ። አንገቷን አቀፍኳትና «አላመመኝም እኮ እማየ» አልኳት።